ከሙከራ ጥሪ እስከ ያልተከፈለ ደሞዝ፦ ውጭ ሀገር ለሚጫወቱ አጥቂዎች ጥያቄዎች የተሰጡ ምላሾች

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ የሚያወሩት ስለ አንድ ዓይነት ተጫዋች ነው። ስሙ በየጋዜጣው የፊት ገጽ ላይ አይወጣም፤ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ክለብና ሀገር እየቀየረ በጎሉ የሚያድር አጥቂ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናል፤ የጠያቂዎቹን ስም ትተናል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 22 ነው፤ በፕሪሚየር ሊግ ክለብ በአጥቂነት እጫወታለሁ። ውሌ ሊያልቅ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ይቀረዋል። አንድ ሰው በቴሌግራም አግኝቶኝ ካይሮ ላለ ክለብ ለሙከራ እንደሚወስደኝ ነገረኝ፤ የጥሪ ደብዳቤም ልኮልኛል። ለቪዛና ለ«ፋይል ማስከፈቻ» 3,000 ዶላር ይጠይቃል። ልክፈል ወይስ ዕድሌን ላሳልፍ? (ከአዳማ)

ምላሽ፦ አትክፈል። ደብዳቤው እውነተኛ ቢሆን እንኳ አትክፈል። የወኪል ድርሻ የሚታሰበው ተጫዋቹ ውል ፈርሞ ደሞዝ መቀበል ሲጀምር ነው። ገና ኳስ ሳትነካ ገንዘብ የሚጠይቅህ ሰው እንጀራውን የሚበላው ካንተ ኪስ ነው።

ማጣራቱ ከባድ አይደለም። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው አሠራር መሠረት ወኪል ፈተና አልፎ ፈቃድ መያዝ አለበት፤ የባለፈቃዶቹ ዝርዝርም በፊፋ ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው። የሰውየውን ሙሉ ስም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ጠይቀህ እዚያ ፈልገው። «የእገሌ ረዳት ነኝ» ካለህ ባለፈቃዱ ራሱ በጽሑፍ ያረጋግጥልህ። የክለቡን ኢሜይልና ስልክ ደግሞ ከደብዳቤው ላይ አትውሰድ፤ ከክለቡ ድረ ገጽ ወይም ከሀገሪቱ ፌዴሬሽን አግኝተህ ጻፍላቸው። ደብዳቤው ላይ ያለው ስልክ ሲደወል የሚያነሳው ራሱ አጭበርባሪው ሊሆን ይችላል።

እውነተኛ የሙከራ ጥሪ ሙከራው የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ ቲኬትና ሆቴል የሚችለው ማን እንደሆነ፣ ጉዳት ቢደርስ ሕክምናውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ ለይቶ ይጽፋል። የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በሙከራ ላይ የጉልበት ጅማቱ የተበጠሰ አጥቂ ቀዶ ሕክምናውንም፣ ያለ ጨዋታ የሚያልፉትንም ወራት በራሱ ኪስ ይሸከማል።

ያንተ ጉዳይ ሌላም ነገር አለበት። የጸና ውል ስላለህ ከክለብህ የጽሑፍ ፈቃድ ሳትይዝ ሙከራ ብትሄድ ውል ያፈረስከው አንተ ትሆናለህ። ፈቃዱን ስትጠይቅ በዚያው ወረቀት ላይ ሙከራው ከተሳካ ክለቡ የሚፈልገውን የዝውውር ዋጋ እንዲጽፍልህ ጠይቅ። ብዙ ዝውውር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ሙከራውን አልፎ ሲያበቃ የሀገር ቤት ክለቡ ድንገት ሦስት እጥፍ ይጠይቃል፣ የውጪው ክለብ ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ ሌላ አጥቂ ያስፈርማል።

ከመሄድህ በፊት ቪዲዮህን አዘጋጅ። የሊጉ ጨዋታዎች በቴሌቪዥን ከተላለፉ ሙሉ ጨዋታ ማግኘት ይቻላል። የጎሎች ስብስብ ብቻ አትላክ። ከስብስቡ ጋር ሙሉ ሁለት ጨዋታ ላክ፤ አንዱ ጎል ያላገባህበት ይሁን። የውጪ አሠልጣኝ አጥቂን ሲመዝን ከጎሉ ይልቅ የሚያየው ጀርባውን ለግብ ሰጥቶ ኳስ ሲቀበል የመጀመሪያ ንክኪው ወዴት እንደሚሄድ፣ ኳስ ሲነጠቅ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሜትሮች ሮጦ ተከላካዩን ይጫን እንደሆነ፣ ኳስ ከመስመር ሲሻገር ወደ ቅርቡ ቋሚ ቀድሞ ይገባ እንደሆነ ነው። ከእኛ ሀገር የሚሄዱ አጥቂዎች በብዛት የሚቸገሩት በመጀመሪያው ነው፤ ከባድ ተከላካይ ከኋላ ሲገፋቸው ኳስ ያመልጣቸዋል። ሙከራ የሁለት ሦስት ልምምድና የአንድ የወዳጅነት ጨዋታ ጉዳይ ስለሆነ ከወር ዕረፍት ተነስቶ መሄድ ዕድልን ማባከን ነው። ቢያንስ ሦስት ሳምንት በሙሉ ፍጥነት የተሠራ ልምምድ ይዘህ ሂድ።

ከወኪሉ ጋር የምትፈርመው የውክልና ውል ከሁለት ዓመት መብለጥ የለበትም፤ «በራሱ ይታደሳል» የሚል ሐረግም ዋጋ የለውም። ቅጂውን ሳትይዝ ከክፍሉ አትውጣ።

ጥያቄ፦ የፓስፖርቴና የፌዴሬሽን መታወቂያዬ የልደት ቀን አይገናኝም። ዝውውሬን ያበላሸዋል? (ከባሕር ዳር)

ምላሽ፦ ሊያዘገየው ይችላል፤ የዝውውር መስኮት (ክለቦች አዲስ ተጫዋች የሚያስመዘግቡበት የተወሰነ ጊዜ) ሊዘጋ ሲል መዘግየት ደግሞ መበላሸት ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የዘመን አቆጣጠር ነው። ሐምሌ 12 ቀን 1995 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በጎርጎርዮሳዊው ጁላይ 19 ቀን 2003 ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት ስምንት ይደምራል፣ ሌላው ሰባት ይደምራል፣ ሦስተኛው ዓመቱን ቀይሮ ወሩንና ቀኑን እንዳለ ይተዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የሚደመረው ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው። በፊፋ የዝውውር ሥርዓት ውስጥ የሚገባው የፓስፖርቱ ቀን ስለሆነ የልደት ምስክር ወረቀቱና የፌዴሬሽኑ መዝገብ ከእሱ ጋር እንዲስማሙ ውል ሳይመጣ በፊት አስተካክል። የአባትና የአያት ስም በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈበትንም አብረህ ተመልከት፤ አንድ ፊደል ስትለያይ ሌላ ሰው ተደርገህ ልትመዘገብ ትችላለህ።

ጥያቄ፦ አንድ የውጭ ክለብ የሁለት ዓመት ውል ላከልኝ። «ተጫዋቹ የሕክምና ምርመራ ሲያልፍና የሥራ ፈቃድ ሲያገኝ ውሉ ይጸናል» ይላል። ወኪሌ የተለመደ ነው ይለኛል። ሌላስ ምን ልይ? (ከድሬዳዋ)

ምላሽ፦ የተለመደ መሆኑ እውነት ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። የፊፋ የዝውውር ደንብ የውል ጽናት በሕክምና ምርመራ ወይም በሥራ ፈቃድ ላይ እንዳይንጠለጠል በግልጽ ይከለክላል። ክለቡ መመርመር ከፈለገ ሳይፈርም በፊት ይመርምር። ችግሩ የሚመጣው እንዲህ ነው፦ ልጁ መልቀቂያውን ይወስዳል፣ ይሄዳል፣ ክለቡ በዚያው ሳምንት የተሻለ አጥቂ ያገኛል፣ ከዚያ «ጉልበትህ አላለፈም» ይባላል። በፊፋ ብትከራከር ሐረጉ ላይቆም ይችላል፤ ግን ክርክሩ ሲያልቅ መስኮቱ ከተዘጋ ሰንብቷል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትልቀቅ፤ ምርመራ፣ የምርመራው ውጤት በእጅህ፣ ከዚያ ፊርማ፣ ከዚያ ከቀድሞው ክለብ መልቀቂያ። ምርመራው በተለምዶ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ኤምአርአይ፣ የልብ ኤሌክትሮካርዲዮግራምና አልትራሳውንድ እንዲሁም ደም ያጠቃልላል። ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገራት የምትሄድ ከሆነ ለመኖሪያ ፈቃድ የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ምርመራም አለ፤ እዚሁ ቀድመህ ብታደርገው ይሻላል።

ከዚያ ወደ ገንዘቡ ና። ደሞዙ ከግብር በፊት ነው ወይስ በእጅ የሚደርስ? በየትኛው ቀን ይከፈላል? በምን ገንዘብ? የመጨረሻውን ጥያቄ ግብጽ የተጫወቱ ሁሉ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 የግብጽ ፓውንድ ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ9 ፓውንድ ባነሰ ይመነዘር የነበረው በጥቂት ሳምንታት ወደ 18 ተጠጋ። በመጋቢት 2024 ደግሞ ከ31 አካባቢ ተነስቶ ወደ 50 ደረሰ። በወር 300,000 ፓውንድ የፈረመ ተጫዋች 9,700 ዶላር ገደማ የነበረው ደሞዙ በአንድ ቀን ወደ 6,000 ወረደ ማለት ነው፤ ክለቡ አንዲት ሳንቲም አልቀነሰበትም። ክለቡ በዶላር አልፈርምም ካለ «በክፍያው ቀን በማዕከላዊ ባንክ ተመን ከዚህ ያህል ዶላር ጋር እኩል የሆነ» የሚል ሐረግ ጠይቅ።

አጥቂ በተለይ የጎል ጉርሻውን ይመርምር። «በዓመት 10 ጎል ካገባ 20,000 ዶላር» የሚል ውል ዘጠነኛው ጎል ላይ ስትደርስ ለክለቡ አንተን ተቀያሪ ወንበር ላይ ማስቀመጥ የሚያተርፍ ያደርገዋል። በየጎሉ የሚከፈል ጉርሻ ይሻላል፤ የዋንጫ ጨዋታና ፔናሊቲ ይቆጠር እንደሆነ ይጻፍ፤ ለጎል ያቀበልከው ኳስም ይካተት።

«ክለቡ በብቃት ማነስ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል» የሚል መስመር ካለ አውጣው። ሁለት ውል እንፈርም፣ አንዱ ለፌዴሬሽን አንዱ ለእኛ ካሉህ እምቢ በል፤ ክርክር ሲመጣ ክለቡ የሚያወጣው ትንሹን ነው። ውሉ በሁለት ቋንቋ ከተጻፈ ልዩነት ሲፈጠር የትኛው እንደሚገዛ ይገለጽ። የክርክር አንቀጹን ደግሞ ሁለት ጊዜ አንብብ፤ ክርክሩ በሀገሪቱ የግልግል አካል ብቻ እንዲታይ የሚል ከሆነ የፊፋ በር ሊዘጋብህ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሦስት ወር ደሞዝ አልተከፈለኝም። ከዋናው ቡድን ለይተው ብቻዬን ያሠሩኛል። የቡድን ጓደኞቼ «ሻንጣህን ይዘህ ሂድ» ይሉኛል። ሌላ ክለብ ይፈልገኛል። ምን ላድርግ? (ከውጭ ሀገር)

ምላሽ፦ ሻንጣህን አሁን አታንሳ። መብቱ ያንተ ነው፤ በቅደም ተከተል ካልሄድክ ግን ለክለቡ ታስረክበዋለህ።

የፊፋ ደንብ እንዲህ ይላል፦ ክለብ ቢያንስ የሁለት ወር ደሞዝ በቀኑ ካልከፈለ፣ ተጫዋቹ በጽሑፍ አስጠንቅቆ ቢያንስ 15 ቀን ከሰጠው በኋላም ካልከፈለ፣ ተጫዋቹ ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። ሁለቱም መሟላት አለባቸው፤ ያልተከፈለው መጠንም፣ ማስጠንቀቂያውም።

ማስጠንቀቂያው አንድ ገጽ ይበቃዋል። የውሉን ቀን፣ ያልተከፈሉትን ወራት በስም፣ የእያንዳንዱን ወር መጠን፣ ድምሩን፣ የባንክ ሒሳብህን፣ 15 ቀኑ የሚያበቃበትን ቀንና «ካልተከፈለ በፊፋ ደንብ መሠረት ውሉን አቋርጣለሁ» የሚለውን ጻፍ። በውሉ ላይ ወደተጻፈው የክለቡ ኢሜይል ላከው፤ ለፌዴሬሽኑና ካለ ለተጫዋቾች ማኅበሩ ግልባጭ አድርግ። በእጅ ከሰጠህ የተቀበለው ሰው ፈርሞ ማኅተም ይምታበት። ለፕሬዚዳንቱ በዋትስአፕ «ገንዘቤስ?» ብሎ መጻፍ ማስጠንቀቂያ አይባልም። እሱ «ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ሳምንት» ብሎ የመለሰልህ ግን ማስረጃ ነው፤ አታጥፋው።

በ15 ቀኑ ውስጥ ልምምድ አትቅር። ጠዋት በሰዓቱ ድረስ፣ የመጣህበትን ሰዓት ጻፍ፣ ከተቻለ በስልክህ ሜዳው ላይ ሆነህ ፎቶ አንሳ። ክለቡ የሚፈልገው አንድ ቀን እንድትቀር ነው፤ አንድ ቀን ስትቀር «ልምምድ ጥሎ የጠፋ» ተብለህ በቅጣት ደሞዝህን ይቀንሱና ሒሳቡን ከሁለት ወር በታች ያወርዱታል። ብቻህን መሥራትህንም መዝግበው፤ ተጫዋች ራሱ እንዲለቅ ለመግፋት የሚደረግ በደል በደንቡ ውስጥ ለብቻው የሚታይ ነገር ነው።

በ14ኛው ቀን የአንድ ወር ደሞዝ ሒሳብህ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህ የታወቀ ዘዴ ነው። ቀሪው ከሁለት ወር በታች ከሆነ በዚህ አንቀጽ መውጣት አደገኛ ይሆናል። ያንተ ሦስት ወር ስለሆነ አንዱን ቢከፍሉም ሁለቱ ይቀራሉ፤ ቢሆንም ውሉን ከማቋረጥህ በፊት ሒሳቡን ከጠበቃ ጋር አስላ። «ሁሉንም ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት ደግሞ ገንዘቡ ባንክህ ሳይገባ አትፈርም። መልቀቂያ እንስጥህና ይህን ፈርም የሚሉህም ለዚሁ ነው።

15 ቀኑ ሲያልፍ የማቋረጫ ደብዳቤ ላክ፤ ከዚያ ከአዲሱ ክለብ ጋር ፈርም። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ክሱ ባንተ ላይ ይዞራል። አቤቱታው ወደ ፊፋ የክርክር መፍቻ ክፍል በድረ ገጹ በኩል ይገባል፤ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በስፓኒሽ መጻፍ አለበት፤ ለተጫዋች የዳኝነት ክፍያ የለውም፤ ችግሩ ከተፈጠረ ሁለት ዓመት ካለፈ ግን አይታይም።

ካሳው እንዴት እንደሚሰላ በቁጥር እንየው። ደሞዝህ በወር 4,000 ዶላር፣ ከውልህ 10 ወር የሚቀር፣ አዲሱ ክለብ 2,500 የሚከፍልህ ከሆነ፣ ያልተከፈለህ ሦስት ወር 12,000 ነው። የቀሪው ውል ዋጋ 40,000፣ በነዚያው ወራት ከአዲሱ ክለብ የምታገኘው 25,000፣ ልዩነቱ 15,000። በድምሩ የምትጠይቀው ቢያንስ 27,000 ዶላር ነው። ከተፈረደልህ ክለቡ ለመክፈል 45 ቀን አለው፤ ካልከፈለ እስከ ሦስት የዝውውር መስኮት አዲስ ተጫዋች እንዳይመዘግብ ሊታገድ ይችላል፤ ብዙ ክለብ የሚከፍለውም ይህን ፈርቶ ነው። 45 ቀኑ የሚቆጠረው ግን አንተ የባንክ ሒሳብ ቅጹን ሞልተህ ለክለቡ ከላክህበት ቀን ጀምሮ ነው። ፍርድ በእጃቸው ይዘው ቅጹን ባለመላካቸው ወራት የሚጠብቁ ተጫዋቾች አሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ ጎበዝ አጥቂ ነው። አውሮፓ አካዳሚ እናስገባዋለን የሚሉ ሰዎች መጥተዋል። (አንድ አባት፣ ከአዲስ አበባ)

ምላሽ፦ አባታችን፣ 18 ዓመት ሳይሞላው ወደ ሌላ ሀገር ክለብ ተዛውሮ መመዝገብ በፊፋ ደንብ የተከለከለ ነው። ያሉት ልዩ ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው፤ ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር በማይገናኝ ምክንያት ወደዚያ ሀገር ኑሯቸውን ሲያዛውሩ። በአውሮፓ ውስጥ ከ16 እስከ 18 የሚሠራው ፈቃድ ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ልጅ አይደለም። በቱሪስት ቪዛ ይወስዱታል፣ ክለብ ሊመዘግበው አይችልም፣ ቪዛው ያልቃል፣ ልጁ ሰው ሀገር ይቀራል። ሁለት ዓመት እዚህ ይጫወት፤ ከ20 ዓመት በታች ቡድን ውስጥ ቢገባ ለዝውውር የሚጠቅመው ከዚያ አካዳሚ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ፍቅሩ ተፈራ ያን ሁሉ ሀገር እንዴት ዞረ? ክለብ ቶሎ ቶሎ መቀየር ስም አያበላሽም? (ከጎንደር)

ምላሽ፦ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነስቶ በደቡብ አፍሪካ ኦርላንዶ ፓይሬትስ፣ ሱፐርስፖርት ዩናይትድና ቢድቬስት ዊትስ፣ በቼክ ምላዳ ቦሌስላቭ፣ በፊንላንድ፣ በቬትናም፣ ከዚያ በሕንድ የተጫወተ አጥቂ ነው። የሕንድ ሱፐር ሊግ ሲጀመር፣ ጥቅምት 12 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ኮልካታ ውስጥ ሙምባይ ሲቲ ላይ የሊጉን የመጀመሪያ ጎል ያስቆጠረው እሱ ነው፤ ክለቡ አትሌቲኮ ዴ ኮልካታም ሻምፒዮን ሆነ። በማግስቱ ዓመት ወደ ቼናይን ተዛወረ፤ ዋንጫውን ቼናይን ወሰደ። የኢትዮጵያዊ ስም በዚያ ሊግ መዝገብ አናት ላይ ማየት እኛን እስከ ዛሬ ያኮራናል።

የጠየቅከው መልስ በዚሁ ታሪክ ውስጥ አለ። ያ የመጀመሪያ ውድድር ከጥቅምት 12 እስከ ታኅሣሥ 20 ብቻ የቆየ ነበር። በሁለት ወር ከምናምን በሚያልቅ ሊግ የሚጫወት ሰው ከዚያ በኋላ ሌላ ክለብ መፈለጉ ግዴታ ነው። ኡራጓያዊው ሰባስቲያን አብሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫ ጋናን ያሰናበተችውን የመጨረሻ ፔናሊቲ ቀስ አድርጎ በመሐል የጨመራት፣ በ2017 ለ26ኛ ክለቡ ሲፈርም በጊነስ መዝገብ ገብቷል፤ ማንም ወድቋል አላለውም።

ክለብ የሚፈራው የክለቦቹን ብዛት አይደለም። የሚያየው ውድድሩን እስከ መጨረሻው ተጫውቷል ወይስ በመሐል ወጥቷል፣ በአንድ ዓመት ስንት ደቂቃ ሜዳ ላይ ነበር፣ አንድ ጊዜ የነበረበት ሀገር እንደገና ጠርቶታል ወይ የሚለውን ነው። ፍቅሩን ደቡብ አፍሪካ ደጋግማ ፈለገችው፤ በሕንድም ከአንዱ ክለብ ሲወጣ የዚያው ሊግ ሌላ ክለብ ወሰደው። ሳላዲን ሰኢድ ከግብጹ ዋዲ ደግላ ወደ ቤልጂየሙ ሊርስ የሄደበት መንገድም ይታወሳል፤ በጊዜው ሁለቱ ክለቦች የአንድ ባለቤት ነበሩ። ጌታነህ ከበደ ደግሞ ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሰበት፣ ደቡብ አፍሪካ ባስተናገደችው የ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ከተጫወተ በኋላ እዚያው ቢድቬስት ዊትስ ገባ። አጥቂ የሚሸጠው በታየበት ቦታ ነው፤ ብሔራዊ ቡድኑ የሚጫወትበትን ሀገር ሊግ አስቀድሞ ማጥናት ይጠቅማል።

ገደቡንም እወቅ፤ በአንድ የውድድር ዓመት እስከ ሦስት ክለብ መመዝገብ ይቻላል፣ በይፋ ጨዋታ ግን ለሁለቱ ብቻ ነው የምትጫወተው፤ የሊጎቹ የጊዜ ሰሌዳ ሲለያይ ጠባብ ልዩ ሁኔታ አለ። ውልህ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር በነጻ ለመፈረም መብት አለህ። ውልህ መስኮቱ ከመዘጋቱ በፊት ካለቀ ደግሞ ከተዘጋ በኋላም ልትመዘገብ ትችላለህ፤ ይህን የማያውቁ አጥቂዎች «ዘግይቷል» ተብለው ስድስት ወር ሥራ ፈት ይቀመጣሉ።

ጥያቄ፦ ፕሮጀክት አሠልጣኝ ነኝ። ከ13 ዓመቱ እስከ 17 ያሳደግሁት ልጅ በ200,000 ዶላር ውጭ ተሸጠ። እኛ የሚደርሰን አለ? (ከአርባ ምንጭ)

ምላሽ፦ ፕሮጀክታችሁ በፌዴሬሽኑ የተመዘገበ ክለብ ከሆነና ልጁ በስማችሁ ተመዝግቦ ከነበረ አለ። ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ ሀገር በገንዘብ የተዛወረ ተጫዋች ከዝውውር ዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው እያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው 0.5 በመቶ ነው። የእናንተ 13፣ 14 እና 15 ዓመቱ 0.75፣ 16 እና 17 ዓመቱ 1፣ በድምሩ 1.75 በመቶ፤ 3,500 ዶላር ይሆናል። ለአንድ ፕሮጀክት የዓመት ኳስና ማልያ ነው። ልጁ ውሉን ጨርሶ በነጻ ከሄደ ግን ይህ ክፍያ የለም።

ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ክፍያው በፊፋ የማጣሪያ ቤት፣ ማለትም ይህን ገንዘብ ተቀብሎ ለአሳዳጊ ክለቦች በሚያከፋፍለው አካል በኩል ያልፋል፤ የሚመሠረተው በተጫዋቹ ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት፣ ማለትም በየዓመቱ በየትኛው ክለብ እንደተመዘገበ በሚያሳየው መዝገብ ላይ ነው። የልጁ የ13 ዓመት ምዝገባ እዚያ ውስጥ ከሌለ ገንዘቡ እናንተ ጋ አይደርስም። አሁን ያሏችሁን ልጆች በየዓመቱ በስም፣ በልደት ቀንና በፎቶ ፌዴሬሽኑ ዘንድ አስመዝግቡ፤ ማኅተም ያለበትን ቅጂም በፋይል አስቀምጡ።